ጳጳሱ የዘለሉት አጥር

ፕሎቭዲቭን አይቶ የማይወድ መንገደኛ ይኖራል ብዬ አላምንም። ማሪፃ የተባለውን ወንዝ ተንተርሳ፣ ግማሿ ሜዳ ላይ ግማሿ ኮረብታ ላይ የሰፈረች የቡልጋሪያ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ እንደ ሮም ሰባት ኮረብታ ነበረን ይላሉ፤ አንዱን ለድንጋይ ካባ እየፈለጡ ጨርሰውታል። በአሮጌው ሰፈር የቤቶቹ ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ገፋ ብሎ ወደ መንገዱ ይወጣል። በጠባቡ ጎዳና ሽቅብ ስትሄዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ከራሳችሁ በላይ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። ቀለማቸው ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የበርበሬ ቀይ ነው። ጥግ ስትዞሩ የሮማውያን ቲያትር ድንገት ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። እብነ በረዱ ላይ ተቀምጣችሁ ከመድረኩ ወዲያ የሮዶፒን ተራሮች ታያላችሁ፤ በበጋ ወራት ማታ ማታ ዛሬም ኦፔራ ይታይበታል። ወጣቱ ቡና ይዞ የሚንሸራሸርበት የመሀል ከተማው የእግረኛ መንገድ ከሥሩ የሮም ዘመን የሩጫ ሜዳ አለ፤ አንደኛው ጫፍ ተገልጦ ይታያል። ከጎኑ የኦቶማን ዘመን መስጊድ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው ሁሉንም በአንድ እይታ ያልፋቸዋል፤ እኔ ግን አልቻልኩም። እያንዳንዱ ጥግ ላይ እየቆምኩ ወጣቱን አስጎብኚዬን አስቸገርኩት።

የመጣሁት ግን አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ለማየት ነበር። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ ስለ ሆሎኮስት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ያኔ ጳጳሳቱ የት ነበሩ? ቀሳውስቱ፣ ዲያቆናቱ፣ እሑድ እሑድ የሚያስቀድሰው ሕዝብ የት ነበር? ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያን የተገደሉት በአብዛኛው ሕዝበ ክርስቲያን በሚኖርባት አውሮፓ ነው። መልሱ ብዙ ቦታ ላይ አንገት ያስደፋል። ፕሎቭዲቭ ላይ የተለየ ነገር ተደርጓል ሲባል ሰምቼ፣ በዓይኔ ላየው ፈለግሁ።

አስቀድሜ የሄድኩት ምኩራቡን ለማየት ነው። ከመንገድ አይታይም። ተራ የመኖሪያ አፓርታማዎች መሀል፣ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ ሥር ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ከውጭ ያየው ሰው መጋዘን ሊመስለው ይችላል። ጠባቂዋ አዛውንት በሩን ከፍተው መብራቱን ሲያበሩ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጣሪያውና ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በሐረግ የተዋበ ነው፤ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ወርቃማው እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ከጉልላቱ መሀል የቬኒስ ብርጭቆ ሻንዴሊየር ተንጠልጥሏል። ሐረጉን እያየሁ የብራና መጻሕፍቶቻችን ትዝ አሉኝ። ይህ ምኩራብ ጽዮን ይባላል፤ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ነው። የሠሩት ሰዎች ቅድመ አያቶች በ1492 ከስፔን ተባርረው በኦቶማን ግዛት የተጠለሉ አይሁዶች ነበሩ፤ አራት መቶ ዓመት አልፎም ቤታቸው ውስጥ የሚናገሩት ላዲኖ የተባለውን የስፔን አይሁዶች ቋንቋ ነበር። ከእነሱም በፊት ሌሎች ነበሩ። በ1981 እዚሁ ከተማ ውስጥ ቁፋሮ ሲካሄድ የሮም ዘመን ምኩራብ ወለል ተገኝቷል፤ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ በሞዛይክ ተሥሎበታል። እንግዲህ ከተማዋ ገና ፊልጶጶሊስ እየተባለች፣ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናቷ ሳይታነጹ፣ አይሁድ እዚህ ይጸልዩ ነበር ማለት ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አሁን ወደ ማርች 10 ቀን 1943 ልለፍ። ቡልጋሪያ የሂትለር አጋር ነበረች። በአጋርነቷ ዋጋ ከግሪክ ትራቄን፣ ከዩጎዝላቪያ መቄዶንያን እንድታስተዳድር ተፈቅዶላታል። ከ1941 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው «የብሔር ጥበቃ ሕግ» አይሁዶችን ከመንግሥት ሥራ አባርሯል፣ ንብረታቸውን ገድቧል፣ ከክርስቲያን ጋር እንዳይጋቡ ከልክሏል። ሕጉ ገና በረቂቅ ላይ ሳለ የቡልጋሪያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ በጽሑፍ ተቃውሞት ነበር፤ የሰማው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1943 የአይሁድ ጉዳዮች ኮሚሽነር የነበረው አሌክሳንደር ቤሌቭ ከኤስኤሱ መኮንን ከቴዎዶር ዳነከር ጋር ስምምነት ፈረመ። ሃያ ሺህ አይሁድ ለጀርመን ተላልፈው ይሰጣሉ።

የዚህን ስምምነት ፎቶ ቅጂ አስጎብኚዬ ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። በታይፕ የተጻፈ ተራ ወረቀት ነው። ሃያ ሺህ አይሁድ ከሚለው አጠገብ «ከአዲሶቹ ግዛቶች፣ ከትራቄና ከመቄዶንያ» የሚል ሐረግ አለ፤ በብዕር ተሰርዟል። በእነዚያ ግዛቶች የሚኖሩት አይሁዶች ሃያ ሺህ አይሞሉም ነበር። ሐረጉ ካልወጣ ጉድለቱን ከሶፊያ፣ ከፕሎቭዲቭ፣ ከኪዩስተንዲል መሙላት አይቻልም፤ ስለዚህ ተሰረዘ። የስምንት ሺህ ያህል ሰው ሕይወት በአንድ የብዕር ጭረት ሥር ገባ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዤ ቆየሁ። ሰው ሲገደል ደም እንጠብቃለን፤ እዚህ ላይ የሚታየው ግን የቢሮ ሠራተኛ እርማት ብቻ ነው።

ለማርች 10 አጥቢያ ሌሊት ፖሊሶች የፕሎቭዲቭን አይሁዶች በር እያንኳኩ ቀሰቀሱ። ንጋት ላይ አሥራ አምስት መቶ ያህል ሰው፣ ሽማግሌውና ሕፃኑ፣ ጥቅሉን ይዞ በአይሁድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ታጎረ። ወሬው የከተማዋ ሜትሮፖሊታን ወደነበሩት ወደ ብፁዕ ኪሪል ደረሰ። ያኔ ዕድሜያቸው ከአርባ ብዙ አላለፈም። ለንጉሥ ቦሪስ ቴሌግራም ላኩ። ለአካባቢው ባለሥልጣንም እስከ ዛሬ ታማኝ ዜጋ እንደነበሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ሕሊናቸው እንዳዘዛቸው እንደሚያደርጉ አስታወቁ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። የከተማው ሰው እንደሚተርከው ዘበኞቹ በሩን ሲከለክሏቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጥሩን ዘለሉ፤ ባቡሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሐዲዱ ላይ እተኛለሁ አሉ። አተራረኩ ከሰው ሰው ይለያያል። እኔ በዚህ አልጨነቅም፤ ጳጳሱ ግቢው ውስጥ መገኘታቸውን ሕዝቡ አይቷል። ቀትር አካባቢ ሁሉም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ትእዛዝ መጣ።

ጳጳሱ ብቻቸውን አላዳኑም፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይበጅም። የአፈሳውን ምሥጢር ያወጣችው የራሱ የቤሌቭ ጸሐፊ ሊሊያና ፓኒፃ ናት። ከምዕራቧ ከተማ ከኪዩስተንዲል ከአይሁድ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያደጉ ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ሶፊያ ድረስ ሄዱ። የምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤ ዲሚታር ፔሼቭ የትውልድ ከተማቸው ሰዎች የነገሯቸውን ሲሰሙ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ገጠሙት፤ በቡልጋሪያ ነባር ግዛት ውስጥ የታቀደው አፈሳ የታገደው በዋዜማው ምሽት ነው፤ ትእዛዙ ፕሎቭዲቭ የደረሰው ግን በማግስቱ ነው። ከሳምንት በኋላም አርባ ሁለት የምክር ቤት አባላትን አስፈርመው የተቃውሞ ደብዳቤ አስገቡ፣ ሥልጣናቸውንም አጡበት። እኚሁ ፔሼቭ ከሁለት ዓመት በፊት ያን ክፉ ሕግ ደግፈው ነበር። ሰው ሕጉን ሲያወጣ ያላየውን ፊት፣ ጎረቤቱ ጥቅሉን ይዞ ሲወጣ ያየዋል።

በማግስቱ ወደ ባችኮቮ ገዳም ወጣን። ከፕሎቭዲቭ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከአሴኖቭግራድ በኋላ ገደል ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ በአንድ ወገን፣ ጥድ የለበሰው አለት በሌላው ወገን ይከተላችኋል። ገዳሙ የተመሠረተው በ1083 ነው። በር ላይ ማርና የእርጎ እንስራ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። ውስጥ ስገባ የዕጣኑ ሽታ፣ የመነኮሳቱ ዝግ ያለ አካሄድ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ለመሳለም የቆመው ሰልፍ፣ ሁሉም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሆኖ ተሰማኝ። በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ዛሃሪ ዞግራፍ በ1840 የሣለው የፍርድ ቀን ሥዕል አለ፤ ሰዓሊው የዘመኑን የፕሎቭዲቭ ባለጸጎች በሐር ልብሳቸው ከኃጥአን ጋር ሥሏቸዋል። እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ይማርከኛል።

በቡልጋሪያ አብያተ ክርስቲያናት ሻማ የሚበራው በሁለት ደረጃ ነው። ወገብ ከፍታ ላይ ያለው ለሕያዋን፣ ከታች እግር ሥር ያለው በአሸዋ የተሞላ ሣጥን ለሙታን። ሻማዎቹ ቀጭንና ቢጫ ናቸው፤ የኛን ጧፍ ያስታውሳሉ። እዚህ ገዳም ውስጥ ነው ሁለቱም ጳጳሳት የተቀበሩት፤ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት ኪሪልና የሶፊያው ሜትሮፖሊታን ስቴፋን። ሁለቱንም በእስራኤል ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም ከአሕዛብ ወገን ጻድቃን ብሎ መዝግቧቸዋል። ለሁለቱ ሻማ አብርቼ ልወጣ ስል አስጎብኚዬ ከታችኛው ሣጥን አጠገብ አጎንብሶ አየሁት። ለማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ለአሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሦስት ሰዎች» አለኝ። «በትምህርት ቤት የተማርኩት ስለ ዳኑት ነው፤ ወደ አርባ ስምንት ሺህ ናቸው። ስለ እነዚህ ግን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።»

ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገረኝ። ፕሎቭዲቭ ላይ ጳጳሱ አጥር ከመዝለላቸው ስድስት ቀን ቀድሞ፣ ማርች 4 ጎህ ሳይቀድ፣ የቡልጋሪያ ወታደሮችና ፖሊሶች በካቫላ፣ በድራማ፣ በሴሬስ፣ በኮሞቲኒ የሚኖሩትን የትራቄ አይሁዶች ከአልጋቸው አውጥተው ነበር። ማርች 11 ደግሞ የመቄዶንያዎቹ ተራ ሆነ፤ ስኮፕዬ በሚገኝ የትንባሆ መጋዘን ውስጥ ታጎሩ። የትራቄዎቹ በከብት ፉርጎ ቡልጋሪያን ሰንጥቀው ሎም ወደምትባለው የዳኑብ ወደብ ተወሰዱ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ቪየና፣ ከቪየና በባቡር ወደ ትሬብሊንካ የግድያ ካምፕ። የመቄዶንያዎቹም መጨረሻቸው ትሬብሊንካ ነበር። ከሄዱት የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል። የያዟቸው ጀርመኖች አልነበሩም። ልጁ ይህን ሲናገር ፊቱ ቀላ፤ የገዛ አገሩ ፖሊሶች ነበሩ የያዟቸው።

ሜትሮፖሊታን ስቴፋን በዚያ ሰሞን ወደ ሪላ ገዳም ሲሄዱ የትራቄ አይሁዶችን የጫነውን ጉዞ በመንገድ ላይ አይተዋል፤ ለንጉሡም ወዲያው ቴሌግራም ልከዋል። ለእነዚያ ሰዎች ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በሜይ ወር የሶፊያ አይሁዶች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ገጠር ሲጋዙ ስቴፋን በይፋ ተቃወሙ፤ ረቢ ዳንኤል ጽዮንንም በመንበረ ጵጵስናቸው ሸሸጉ። ከጦርነቱ በኋላ አዲሱ ኮሚኒስት መንግሥት በ1948 ከመንበራቸው አውርዶ ወደ አንድ መንደር አጋዛቸው፤ በግዞት እንዳሉ በ1957 አረፉ። የዳኑት አይሁዶች አብዛኞቹ ደግሞ በ1948 እና በ1949 ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ብዙዎቹ የሰፈሩት ጃፋ ነው።

እዚህ ድረስ ስሰማ ስቴፋንን ከልቤ ወደድኳቸው። ከዚያ አስጎብኚዬ ሌላ ነገር ጨመረ። በሴፕቴምበር 1942 ሶፊያ ላይ ባሰሙት ስብከት ሜትሮፖሊታኑ አይሁድን ማንም ሰው እንዳያሠቃይ ጠንክረው አስተምረዋል፤ ምክንያታቸው ግን አይሁድ ክርስቶስን ስለሰቀሉ የቀጣቸው ራሱ እግዚአብሔር ነው፣ ቅጣቱም የእሱ እንጂ የሰው ድርሻ አይደለም የሚል ነበር። ለአይሁድ የተሟገቱ አባት አፋቸው ላይ የነበረው ትምህርት ይህ ነው። ጉዞዬን በሙሉ ከዚህ ነገር መላቀቅ አልቻልኩም። ሰውየው ከትምህርታቸው የበለጡ ሆነው ተገኙ። ከትምህርቱ ያልበለጠው ግን ስንቱ ነው? አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ «የተረገሙ ናቸው» ሲባል የሰማ ሕዝብ መሀል፣ እጁን ለመሰብሰብ ስብከት የሚያስፈልገው ስንቱ ነው?

ይህ ትምህርት ከየት እንደመጣ እኛ ኦርቶዶክሶች ሩቅ መሄድ አያሻንም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 እና በ387 በአንጾኪያ፣ ወደ ምኩራብ በዓል የሚሄዱትን ክርስቲያኖች ለመገሠጽ ብሎ ስምንት ስብከቶች ሰብኳል። ስብከቶቹ ስለ አይሁድ የሚናገሩት እጅግ ከባድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ አይሁድን ሊያጠቃ የተነሣ ሁሉ ጠቅሷቸዋል። በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ እሰማለሁ፤ አባታችን ነው። ለድሆች የተናገረውን ሳነብ ዛሬም ልቤ ይቃጠላል። ስለ አይሁድ የተናገረውን ግን ስህተት ነው ማለት አለብኝ፤ ይህን ማለት ከልጅነት አያወጣኝም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የክርስቶስን ሞት በአይሁድ ሕዝብ ሁሉ ላይ መጫንን በይፋ ተወች። የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ1994 ማርቲን ሉተር በአይሁድ ላይ የጻፈውን አውግዛለች። ኦርቶዶክሶች ሁላችን በአንድነት ያጸደቅነው እንዲህ ያለ ሰነድ የለንም፤ የኪሪልና የስቴፋን ልጆች ነን የሚሉት ሊጽፉት በተገባ ነበር።

አስጎብኚዬ ስለ እኛ አገር ጠየቀኝ። ኢትዮጵያም አይሁዶች ነበሯት አይደል አለኝ። ስለ ቤተ እስራኤል ነገርኩት። በጎንደርና በስሜን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ስንት መቶ ዓመት እንደኖሩ፣ የመሬት ርስት ስለተነፈጉ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ እንደሚተዳደሩ፣ ማረሻችንን የሠሩልን እነሱ እንደሆኑ። ከዚያም ለመናገር የከበደኝን ነገርኩት፤ ያ ማረሻ የሚገዛቸው ገበሬ ቡዳ ናቸው ይል ነበር፣ ሌሊት ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ ብሎ ያምን ነበር፣ ልጁ ሲታመምበት እነሱን ይወነጅል ነበር። ለአስጎብኚዬ ወዲያው ገባው። «የእኛዎቹ ጉድጓድ መረዙ፣ የክርስቲያን ልጅ ደም ጠጡ ይባሉ ነበር» አለ። በጥቁሩ ሞት ዘመን፣ በ1348 እና በ1349፣ በምዕራብ አውሮፓ በዚህ ወሬ ሳቢያ ሙሉ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ተቃጥለዋል። የኛዎቹ በ1984 እና በ1991 በሱዳን በረሃና በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ብዙዎቻችን ጉዞው ሲደነቅልን እንጂ ጎረቤት ሳሉ ምን እንልላቸው እንደነበር ስናነሣ አልሰማሁም። እኛ ራሳችንን በክብረ ነገሥቱ የእስራኤል ወራሽ ብለናል፤ ሥጋውያኑን እስራኤላውያን ግን ምሽት ላይ ቤታችን አናስገባም ነበር። ይህን ስለ ሌላ ሕዝብ ሳነብ ወዲያው የማወግዘው ነገር ነው።

ሶፊያ የገባነው ዝናብ እየዘነበ ነው። የቡልጋሪያ ዋና ከተማ የምትኮራበት አንድ ሰፈር አላት፤ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ካቶሊክ ካቴድራል፣ መስጊድና ምኩራብ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ይገኛሉ። ምኩራቡ በ1909 የተመረቀ ነው፤ ጉልላቱን ከሩቅ ታዩታላችሁ። ይህን እያደነቅኩ ሳለ አስጎብኚዬ በዚሁ ከተማ ስለሚደረገው ሰልፍ ነገረኝ። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ከ2003 ጀምሮ፣ ችቦ የያዙ ወጣቶች ጄኔራል ህሪስቶ ሉኮቭን ለማሰብ ይወጣሉ። ሉኮቭ የሂትለር ደጋፊና የቡልጋሪያ ብሔራዊ ሌጌዎኖች ኅብረት መሪ ነበር፤ በ1943 በጥይት ተገደለ። ለሰልፉ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ። የከተማው አስተዳደር በተደጋጋሚ ከልክሎታል፤ የሚቃወሙ ዜጎችም በተመሳሳይ ቀን ይወጣሉ። አይሁድን ባዳነ አገር፣ በዳኑበት ዓመት የሞተውን ፋሺስት የሚያወድስ ወጣት አለ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ችቦው ያማረ ነው፤ ትሬብሊንካ ሩቅ ነው።

አሮጌው ወሬም አዲስ ልብስ ለብሶ ይዞራል። ዓለምን በምሥጢር የሚገዙት እነሱ ናቸው፣ ባንኩ የእነሱ ነው፣ ጦርነቱ የእነሱ ነው የሚለው ነገር በሞባይላችን ላይ በአማርኛም ይደርሰናል፤ ሰባኪ ነኝ በሚል ሰው አፍ የሰማሁት ጊዜ አለ። ብዙው የሚቀዳው ሩሲያ ውስጥ በ1903 ከታተመ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» ከሚባል የሐሰት ጽሑፍ ነው። የለንደኑ «ታይምስ» በ1921 ከሌላ መጽሐፍ የተሰረቀ መሆኑን ገጽ ለገጽ አስተያይቶ አጋልጦታል። መቶ ዓመት አለፈው። በመንግሥት ፖለቲካ መከራከር፣ የእስራኤልን መንግሥት ሥራ መንቀፍ የማንም መብት ነው፤ በፒትስበርግ በ2018 ሰንበት ጸሎት ላይ የተገደሉት አሥራ አንድ ሰዎች ግን የማንም መንግሥት ሹማምንት አልነበሩም። በ2019 በጀርመኗ ሃለ ከተማ በስርየት ቀን የታጠቀ ሰው ምኩራቡን ሊያጠቃ መጥቶ የእንጨቱ በር ስለያዘው፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችን ገደለ። ክርስቲያን ወሬውን ከምዕመን ሲሰማ ምን ይላል? ዝም ካለ፣ ጥያቄው ከ1943ቱ ጥያቄ የተለየ አይደለም።

የቡልጋሪያ ምክር ቤት በማርች 2013 ባወጣው መግለጫ አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሦስቱ መጋዛቸውን አስታውሶ መጸጸቱን ገልጿል። ለእኔ አልበቃኝም፤ ያጋዛቸው ማን እንደሆነ በግልጽ አይናገርምና። ንጉሥ ቦሪስ የታደጉ ናቸው ወይስ ያስረከቡ የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ ይጋጋላል። በእስራኤል የቡልጋሪያ ደን ውስጥ ለንጉሡ ክብር የቆመው መታሰቢያ የትራቄና የመቄዶንያ ተወላጆች ተቃውመውት በ2000 ተነሥቷል። ፍርዱን ለታሪክ ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ ባለሁበት ወገን የቆሙት ግን ጳጳሳቱ ናቸው፤ እነሱን የምወድ ከሆነ ያልደረሱላቸውንም ሰዎች ስም ማወቅ አለብኝ ብዬ ከአስጎብኚዬ ጋር የካቫላን፣ የስኮፕዬን፣ የቢቶላን አይሁዶች ታሪክ ማንበብ ጀመርን። ልጁ እንግሊዝኛ ያለውን ይልክልኛል፣ እኔ እጠይቀዋለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። ከሶፊያ ወደ ፕሎቭዲቭ ባቡሩ ቀርፋፋ ቢሆንም መስኮቱ ጥሩ ነው። ምኩራቡን ለማየት አስቀድማችሁ ለአይሁድ ማኅበሩ ደውሉ፣ ዝም ብሎ አይከፈትም። ባችኮቮ አውቶቡስ አለው፤ ሻማችሁን ገዳሙ በር ላይ ግዙና ሁለቱንም ደረጃ አስታውሱ። ከቻላችሁ ማርች 10 ሂዱ፤ የፕሎቭዲቭ ሰዎች በየዓመቱ በመታሰቢያው ሐውልት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ጊዜ ከተረፋችሁ ደግሞ ኪዩስተንዲልን አትለፏት፤ የዲሚታር ፔሼቭ ቤት ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ከተማዋ በፍል ውኃዋና በቼሪ ፍሬዋ የታወቀች ናት፤ ጁን ላይ ከደረሳችሁ በየመንገዱ ዳር በቅርጫት ይሸጣሉ፣ ከቤተ መዘክሩ ስትወጡ አንድ ኪሎ ገዝታችሁ ሻጯን ስለ ፔሼቭ ጠይቋት። እኔ ጠይቄ ነበር፤ ቼሪውን ትታ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።